ስምና አድራሻ በአንድ መዝገብ፦ የደመና ዲ ኤን ኤስን ከኔትወርክ ማስተዳደሪያ ጋር ማገናኘት

መግቢያ

ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር አድራሻ ሲሆን፣ ሰው በቀላሉ የሚያስታውሰው ግን ስምን ነው። ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ሥርዓት ዲ ኤን ኤስ ይባላል። ንድፉን ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 አቅርቧል። ከዚያ በፊት ስሞች በአንድ ፋይል ተመዝግበው ወደየኮምፒዩተሩ ይገለበጡ ነበር። አዲሱ ሥርዓት መዝገቡን በተዋረድ አከፋፈለው፤ የአገራችን መለያ «ነጥብ ኢቲ» ከቅርንጫፎቹ አንዱ ነው።

የስም መዝገቡ በሌላ አገልግሎት ሰጪ ሰርቨሮች ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት ሲተዳደር የደመና (ክላውድ) ዲ ኤን ኤስ እንለዋለን። የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ደግሞ የትኛው መሣሪያ የትኛውን አድራሻ እንደያዘ የሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው።

ሁለት መዝገብ ሲለያይ

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተዘረጋው ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ጭምር ለማገናኘት የታቀደ ነበር። በእንዲህ ያለ መስክ የሚገጥመውን ችግር በምሳሌ እንመልከት። በሰቆጣ አንድ የትምህርት መረጃ ሰርቨር አለ እንበል፤ የፃግብጂ ወረዳ መምህራን በስሙ ይጠቀሙበታል። መስመሩ ሲቀየር የሰርቨሩ አድራሻም ተቀየረ። ባለሙያው አዲሱን ቁጥር በማስተዳደሪያው ላይ መዘገበ፤ በዲ ኤን ኤሱ ላይ ግን አልለወጠም። ሰርቨሩ በደኅና እየሠራ ሳለ መምህሩ አያገኘውም፤ ለአንድ ቁጥር ሲባል ወደ ሰቆጣ ሊጓዝ ይገደዳል። አሮጌው አድራሻ ለሌላ ደንበኛ ከተሰጠም ጥያቄው ወደማይታወቅ ኮምፒዩተር ይሄዳል።

የማገናኘቱ ሂደት

1. በደመናው አገልግሎት ላይ የስም ክልል (ዞን) ይከፈታል።
2. ያንን ዞን ብቻ ለመለወጥ የተፈቀደለት የምሥጢር ቁልፍ ይዘጋጃል።
3. ቁልፉ በማስተዳደሪያው ላይ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩት ኤ ፒ አይ በተባለው መገናኛ ነው።
4. ማስተዳደሪያው ሁለቱን መዝገቦች አነጻጽሮ ልዩነታቸውን ያሳያል፤ ባለሙያው ሲያጸድቅ ለውጡ ይጻፋል።

አራተኛው ደረጃ ሊዘለል አይገባም። የማስተዳደሪያው መዝገብ ባዶ ወይም ጎዶሎ ሆኖ ሳለ በቀጥታ እንዲጽፍ ከተፈቀደለት፣ ትክክለኛዎቹን ስሞች ሊሰርዝ ይችላል።

ሁለት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ስለ ቆይታ ጊዜ (ቲ ቲ ኤል) ነው። ጠያቂ ሰርቨሮች ያገኙትን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጣሉ። ጊዜው 86,400 ሰከንድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ቆይታውን ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ማድረግ ይገባል። ያን ጊዜ አሮጌው መልስ ከ5 ደቂቃ በላይ አይቆይም።

ሁለተኛው የውስጥ ስሞችን ይመለከታል። በተራራማው የዋግ ኽምራ ምድር የውጭ መስመር ሲቋረጥ፣ በአንድ ግቢ ያለ ማተሚያ ወይም ሰርቨር በስሙ ሊታጣ አይገባም። ስለሆነም የግቢው ስሞች በግቢው ውስጥ ባለ የዲ ኤን ኤስ ሰርቨር ይያዙ፤ ወደ ደመናው የሚላኩት ከውጭ የሚፈለጉት ብቻ ይሁኑ።

ማጠቃለያ

ግንኙነቱ የባለሙያውን ድካም ከመቀነሱም በላይ እውነተኛው መዝገብ የትኛው እንደሆነ ይወስናል። ለውጥ በአንድ ቦታ ብቻ ከተጻፈ ስምና አድራሻ አይጣሉም። ነገር ግን በዚያ መዝገብ የሚገባ ስሕተትም ያለ ከልካይ ይስፋፋልና፣ መዝገቡን በትክክል መያዝ ከሁሉ ይቀድማል።

መልመጃ፦ የአንድ ስም የቆይታ ጊዜ 43,200 ሰከንድ ቢሆን፣ አድራሻው ከመቀየሩ ቢያንስ ስንት ሰዓት አስቀድሞ ቆይታውን ማሳጠር ያስፈልጋል? ምክንያቱንም አስረዱ።