ኮስታራ ፊት ተቅዋ አይደለም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሰለዋትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይውረድ።

ከአራት ኪሎ ወደ ሰፈሬ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለመሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ረዳቱ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሊሳፈሩ እግራቸውን እያነሱ «ልጄ፣ ቪዛ አትጠይቁም?» አሉት። እርሱም ክንዳቸውን ደግፎ እያስገባ «እማማ፣ ዝርዝር ከያዙ ቪዛው እርሱ ነው» ሲል መለሰላቸው። ታክሲው በሳቅ ተሞላ። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኚያ እናት አጠገቤ ተቀምጠው ትንሽ ካዩኝ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አላመመኝም። ለብዙ ዓመታት ኮስተር ማለትን የዲን ምልክት አድርጌ ይዤው ስለነበር ነው። ቤቴ ስደርስ የልጆቼ ሳቅ እስከ ውጭ ይሰማል። በሩን ስከፍት ጸጥ አሉ። ያንን ጸጥታ ሁልጊዜ እንደ አክብሮት እቆጥረው ነበር፤ በዚያ ምሽት ግን ፍርሃት መሆኑ ገባኝ። አባታቸውን እንዲህ የሚፈሩ ልጆች ነገ እርሱ የሚያስተምራቸውን ዲን እንዴት ይወዱታል?

ውድ አንባብያን! የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንመልከት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከአነስ (ረ.ዐ.) ይዘው እንደዘገቡት፣ አንድ ሰው የሚጓዝበት እንስሳ ሲጠይቃቸው በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው በግመል ልጅ ምን አደርጋለሁ ብሎ ግራ ሲጋባ፣ ትልቁም ግመል ቢሆን የወለደችው ግመል መሆኗን አስታወሱት። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ደግሞ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስሙን ከወፏ ስም ጋር እያስገጠሙ ስለ ወፏ ይጠይቁት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ያን ያህል ከባድ አደራ የተሸከሙ መልእክተኛ ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ካገኙ፣ እኛ «ሥራ በዝቶብኛል» የምንለው በምን አፋችን ነው?

ሐንዘላ (ረ.ዐ.) የተባሉት ሶሓባ በነቢዩ ዘንድ ሲሆኑ የሚሰማቸው የልብ መሰበር፣ ከሚስትና ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ስለሚቀንስባቸው ሙናፊቅ የሆኑ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ለዚያም ሰዓት፣ ለዚህም ሰዓት እንዳለው የሚያስረዳ ነው። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል።

ይሁንና ቀልድ ልጓም አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲቀልዱም እውነት እንጂ አይናገሩም ነበር፤ ሰውን ለማሳቅ የሚዋሽንም አስጠንቅቀዋል። ሙስሊምን ለጨዋታ ብሎ ማስደንገጥንም ከልክለዋል። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ አዟል። በከተማችን ከሚነገረው ቀልድ ስንቱ በሰው ብሔር፣ በአነጋገሩ ወይም በአካሉ ጉዳት ላይ የተመሠረተ ነው? እንዲህ ያለው ሳቅ የአንዱን ጥርስ ሲያሳይ የሌላውን ልብ ያደማል።

የእኚያን እናት ቀልድ በዚህ ሚዛን አየሁት። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እዚህ ከተመሠረተው የፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ረዳቱ «ፈረንሳይ» ሲል አልዋሸም፤ እርሳቸውም ማንንም አልነኩም። እንደ ግመሉ ልጅ ሁሉ፣ አንዱን እውነተኛ ቃል በሁለት በኩል ማየት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ደስታ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዐስር ሶላት በኋላ ከእንጦጦ በኩል የሚነፍሰው የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የጎረቤት ሰላምታ፣ የቡና ጭስ፣ ሁሉም የአላህ ጸጋ ነው። ጸጋን አይቶ ፊትን ማጥቆር ግን ከምስጋና አይቆጠርም።

በማግሥቱ የታክሲውን ወሬ ለልጆቼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ያላወቁ መሰሉ። ከዚያ ትንሿ «አባዬ፣ ታዲያ እኛ ፈረንሳዮች ነን?» ስትል ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። እኔም ጭምር።

ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ለወንድም ፈገግ ማለት ሰደቃ ነው። ሰደቃ ደግሞ ከቤት ይጀምራል። ዛሬ ማታ በራችንን ስንከፍት ሰላምታችንን በፈገግታ እናጅበው።

አላህ ቤታችንን የእዝነትና የደስታ ቤት ያድርግልን። አሚን።