በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ስለሚጻፍ ዋጋ

በመርካቶ የሚገበያይ ሰው ዋጋን የሚያውቀው በመጠየቅና በመከራከር ነው፤ ሻጩ ይጠራል፥ ገዢው ይቀንሳል፥ በመጨረሻም ይስማማሉ። በሱፐርማርኬት ግን ይህ ንግግር የለም። ሸማቹ ቅርጫቱን ይዞ ብቻውን ሲዘዋወር፥ በባለሱቁ ፈንታ የሚናገረው በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። ክላረንስ ሳውንደርስ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1916 በሜምፊስ ከተማ፥ ደንበኛው ራሱ ዕቃውን እያነሣ የሚገዛበትን ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ሲከፍት፥ በየዕቃው ላይ ዋጋ እንዲጻፍ አድርጓል።

እንግዲህ ይህ ወረቀት የነጋዴው ቃል ነውና ሙሉ መሆን ይገባዋል። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያመለክት ደንግጓል። ነገር ግን 200 ብር ተብሎ የተጻፈ ዕቃ፥ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብበት 230 ብር ይሆናል። ይህን 30 ብር መደርደሪያው ካልተናገረ፥ ሸማቹ የሚሰማው ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት፥ ሰው ከኋላው ተሰልፎ ሳለ ነው። ገንዘቧን ቆጥራ የመጣች እናት ከያዘችው ውስጥ ዘይቱን ወይም የልጅዋን ወተት መልሳ ትተዋለች። ሌላው እንዳያፍር ብሎ ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ዳግመኛ ግን አይመለስም፤ ለምን እንደ ቀረም ለነጋዴው የሚነግረው የለም።

ዋጋ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥበት ጊዜ፥ አዲሱን ዋጋ በማሽኑ አስገብቶ የመደርደሪያውን ወረቀት እንደ ነበረ መተውም አለ። ይህ ከስንፍና ቢመጣም ለሸማቹ ከማታለል አይለይም። ማሽኑን የሚሞላውና ወረቀቱን የሚለውጠው ሠራተኛ በአንድ የዋጋ ዝርዝር ላይ ጐን ለጐን እንዲፈርሙ ቢደረግ፥ ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የመለኪያ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ያህል 400 ግራም የዱቄት ወተት 520 ብር፥ 900 ግራሙ ደግሞ 1,215 ብር ቢሸጥ፥ ብዙ ሰው ትልቁ ይረክሳል ብሎ ያነሣዋል። ሲሰላ ግን የትንሹ አንድ ኪሎ 1,300 ብር፥ የትልቁ 1,350 ብር ነው። በገበያ መካከል ቆሞ ይህን በቃል የሚያካፍል ማን ነው? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ፥ ከመሸጫው ዋጋ ጋር የኪሎው ወይም የሊትሩ ዋጋ እንዲጻፍ አዝዟል። እኛም ትእዛዝ ሳንጠብቅ በወረቀቱ ግርጌ አንዲት መስመር ብንጨምር ሸማቹ ዐይቶ ይመርጣል፤ በእውነት ያረከሰ ነጋዴም ማርከሱ ይታወቅለታል።

ስለ ሳንቲም አንድ ነገር ልጨምር። 99 ብር ከ95 ሳንቲም ብሎ መጻፍ ዋጋውን ለዐይን ያሳንሰዋል፤ ዳሩ ግን መልስ ሲጠየቅ ሳንቲሙ ከሳጥኑ ይጠፋና በምትኩ ማስቲካ ይሰጣል። ማስቲካውን ያልፈለገ ሰው ያልገዛውን ገዛ ማለት ነው። በሙሉ ብር መጻፍ ይሻላል።