ለታዳጊ በረኛ ምን ዓይነት ጓንት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመቷ ልጄ ለትምህርት ቤቷ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ናት። ምን ዓይነት ጓንት ልግዛላት?
እናት፣ ከጨፋ ሮቢት

መልስ፦ እህቴ፣ ከምርቱ ስም በፊት ልኩን ይዩ። ስታጠልቀው ከጣቶቿ ጫፍ አልፎ ቢበዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይኑረው፤ «ታድግበታለች» ተብሎ የተገዛ ሰፊ ጓንት ኳስ ያስመልጣል።

ለስላሳ የመዳፍ ላቴክስ ኳስ አጥብቆ ይይዛል፤ ጠጠር በበዛበት ሜዳ ግን ቶሎ ይላጣል። አቅም ከፈቀደ ለውድድር ለስላሳውን፣ ለልምምድ ጠንከር ያለውን ይግዙ። አንድ ብቻ ከሆነ ጠንካራው ይሻላል።

ከጨዋታ በፊት መዳፉን በውሃ ታርጥበው። ከጨዋታ በኋላ ለብ ባለ ውሃ አጥባ ጥላ ውስጥ ታስጣው፤ የጨፋ ፀሐይ ላቴክሱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ስትወድቅም በመዳፏ ሳይሆን በጎኗ ማረፍን ትልመድ፤ ጓንቱም እጇም ይተርፋሉ።