ከማን ይሰማል? ለማንስ ይናገራል? የቢትኮይን ኖድ ግንኙነትና ምስጢራዊነት

ቢትኮይንን የሚያስተዳድር ባንክም ሆነ ዋና መሥሪያ ቤት የለም። አንድ ክፍያ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡት በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ኮምፒውተሮች ናቸው። እያንዳንዳቸው ኖድ ይባላሉ። ኖድ የቢትኮይንን መዝገብ በራሱ ይመረምራል፤ የደረሰውን መረጃም በኢንተርኔት በቀጥታ ለተያያዙት ኖዶች፣ ማለትም ለአቻዎቹ፣ ያቀብላል። የራስዎን ኖድ ሲያቆሙ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፦ ከማን ይሰማል? ለማንስ ይናገራል? አንድ ጥያቄ ቢመስሉም የሚሹት ጥንቃቄ ይለያያል።

ኖድዎ መጀመሪያ ሲነሣ ማንንም አያውቅም። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ቢትኮይን ኮር የተባለው ሶፍትዌር ስማቸው በውስጡ ከተጻፈ ጥቂት መነሻ ሰርቨሮች የኖዶች አድራሻ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ አቻዎቹ የሚነግሩትን አድራሻ እያጠራቀመ ይሄዳል። ከእነዚህ መርጦ ራሱ የሚከፍተው ግንኙነት ወጪ ግንኙነት ነው። ሌሎች ፈልገውት ሲመጡ የሚቀበለው ደግሞ ገቢ ግንኙነት ነው። ቅንብሩ ካልተቀየረ ኖዱ 10 ያህል ወጪ ግንኙነቶች ይይዛል፤ ገቢዎቹ ሲታከሉ እስከ 125 ሊደርስ ይችላል። በገቢው በር ሰላይም ቢሆን ሊገባ ይችላል፤ ወጪዎቹን ግን የመረጣቸው ኖዱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ወሬ የመስማቱ ዋስትና በዋናነት በእነዚህ በጥቂቶቹ ላይ ያርፋል።

አንድ አጥቂ ግንኙነቶቹን ሁሉ በራሱ ኮምፒውተሮች ቢተካስ? ይህ የመከለል ጥቃት ይባላል። አጥቂው ሐሰተኛ ፊርማ ሊያስቀብል አይችልም፤ ኖዱ እያንዳንዱን ፊርማ ራሱ ይመረምራልና። የሚችለው እውነቱን መደበቅ ነው። ለእርስዎ የከፈለውን ያንኑ ገንዘብ ለሌላ ሰው አስተላልፎ፣ ይህ የሰፈረበት ብሎክ (በአንድነት የታሰሩ ክፍያዎች ጥቅል) እንዳይደርስዎ ያግዳል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጥቃቱ በተግባር እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ የአድራሻ አያያዙ ተጠናክሯል። ከመከላከያዎቹ አንዱ ቀላል ሕግ ነው፤ ኖዱ ሁለት ወጪ ግንኙነቶችን ከአንድ የአይፒ አድራሻ ሰፈር አይመርጥም። አይፒ አድራሻ ኮምፒውተር በኢንተርኔት የሚታወቅበት ቁጥር ነው። ጎረቤት ቁጥሮችን በገፍ መከራየት ርካሽ ነው፤ በብዙ ሰፈሮች መበተን ግን ወጪው ይከብዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። መዝገቡ ላይ ስም አይጻፍም። ሆኖም ክፍያዎ መጀመሪያ የሚወጣው ከእርስዎ ኖድ ነው። የመንደር ወሬ መነሻ የሚታወቀው ማን ቀድሞ እንዳወራው በመጠያየቅ ነው፤ ከብዙ ኖዶች ጋር የተያያዘ ሰላይም ክፍያው ከየትኛው አድራሻ ቀድሞ እንደደረሰው ይመዘግባል። አይፒ አድራሻው ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው፣ አቅራቢው ደግሞ ወደ ደንበኛው ይመራል። አንዱ ክፍያ ከታወቀ፣ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነና ስለማይሰረዝ የሌሎቹንም ፈለግ መከተል ይቻላል። ቢትኮይን ኮር ይህን ለማደብዘዝ ክፍያውን ለየአቻው በዘፈቀደ ጊዜ እያዘገየ ይነግራል። ማደብዘዝ ግን መሰወር አይደለም።

የሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነት ፍንትው ብሎ የሚታይበት አንድ ብልሃት አለ። ከ10ሩ ወጪ ግንኙነቶች ሁለቱ ብሎክ ብቻ ያመላልሳሉ፤ ገና ብሎክ ውስጥ ያልገባ ክፍያም ሆነ የኖዶች አድራሻ አያልፍባቸውም። ሰላይ የክፍያዎችን ፍሰት ተከታትሎ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ሊገምት ይችላል፤ ክፍያ በማይሄድበት መስመር ግን የሚከታተለው ነገር ያጣል። ስለዚህ ሌላው ግንኙነት ቢታወቅበት እንኳ ኖዱ እውነቱን የሚሰማባቸው ሁለት የተሰወሩ ጆሮዎች ይቀሩታል።

ምስጠራስ? እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የቢትኮይን ኮር 27ኛ ስሪት ጀምሮ፣ አቻውም የሚደግፈው ከሆነ፣ ንግግራቸው ሳይጠየቅ ይመሰጠራል። ይህ መሐል ላይ ሆኖ የሚያዳምጠውን፣ ለምሳሌ ኢንተርኔት አቅራቢውን፣ ከማንበብ ያግደዋል። ሰላዩ ራሱ አቻ ሆኖ ከመጣ ግን ምስጠራው አይረዳም፤ መልእክቱን የሚፈታው እሱ ነውና።

አይፒ አድራሻን ለመሰወር ቶር የተባለው መረብ ይረዳል፤ መልእክቱን በተከታታይ ማስተላለፊያዎች አሳልፎ መነሻውን ይደብቃል። በቶር ውስጥ የሚሠሩ ኖዶች የኦኒዮን አድራሻ አላቸው። ታዲያ ለምን ከኦኒዮን አቻዎች ጋር ብቻ አንገናኝም? የኦኒዮን አድራሻ መፍጠር ምንም ስለማያስወጣ አንድ ሰው ሺዎችን ሊያመርት ይችላል፤ የአይፒ ሰፈር ሕጉም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ የሚሻለው ግንኙነቱ ሁሉ በቶር በኩል እንዲወጣ ማድረግ፣ ነገር ግን ተራ አይፒ ያላቸውን አቻዎች አለመከልከል ነው። አፍ ይሰወራል፤ ጆሮም ከሁለቱም ወገን ይሰማል።

በመጨረሻም ብዙ ጀማሪዎችን የሚማርክ «ኮኔክት» የሚባል ቅንብር አለ፤ ኖዱ ከተጠቀሰለት አቻ ጋር ብቻ እንዲገናኝ ያደርጋል። የሚያምኑት ጓደኛ ካለዎት ጥሩ ይመስላል። በሁለቱ ጥያቄዎች ይመዝኑት፤ ያ አቻ ብቸኛው ጆሮዎ ይሆናል፣ ከኖድዎ የሚወጣ እያንዳንዱ ክፍያም የእርስዎ መሆኑን ያውቃል። ጓደኛዎን ማከል ከፈለጉ «አድኖድ» የሚባለው ቅንብር ይበቃል፤ ሌሎቹን ሳያባርር አንዱን ይጨምራል።