ስለ ሐዋርያት መልእክትና ስለ አጠናኑ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በላሊበላና በላስታ አድባራት ብዙ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው እንደሚኖሩ ሁላችንም እናውቃለን። ገልጠን ያነበብናቸው ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ የግእዝ ብራና ለዓለም ስላቆየው አንድ መልእክትና እርሱን በኢንተርኔት ስለምናጠናበት መንገድ እንማማራለን።

መልእክቱ ምንድን ነው?

ሊቃውንት «የሐዋርያት መልእክት» ይሉታል። በሁለተኛው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ እንደ ተጻፈ ይታመናል፤ የግሪኩ ቅጂ ግን አልተገኘም። ካርል ሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1895 በካይሮ የቅብጡን ትርጉም አገኘ፤ እርሱም ቅጠሎች ጎድለውታል። ከላቲኑ የተረፈው ቁራጭ ነው። ሙሉውን የያዘው ግእዙ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጽሐፈ ኪዳን ቀጥሎ ተጽፎ ይገኛል።

በመልእክቱ አሥራ አንዱ ሐዋርያት በአራቱ ማዕዘን ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ይጽፋሉ፤ ከሐሰተኞቹ ከስምዖንና ከቄርንቶስ እንዲጠበቁም ያስጠነቅቃሉ። ጌታ ከሞት በተነሣ ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ስለ ነበር፣ ጴጥሮስ የችንካሩን ምልክት፣ ቶማስ ጎኑን እንዲዳስሱ፣ እንድርያስም እግሩ ምድር መርገጡን እንዲመለከት እንዳዘዛቸው ይናገራሉ።

ከየት እናገኘዋለን?

1ኛ/ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ይገኙበታል። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ የሚገኘው ሂል ሙዚየም ብዙውን ስሙን ላስመዘገበ አንባቢ በነጻ ያሳያል። በዝርዝሩ ዝግጅት ብዙ የደከሙት እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

2ኛ/ በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» በተባለው መዝገብ የግእዝ ድርሰቶች በየትኞቹ ብራናዎች እንደሚገኙ ይገልጻል።

3ኛ/ ሉዊ ጌሪዬ እ.ኤ.አ. በ1913 ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሟል።

እንዴት እናጥናው?

አንዳንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ቅብጡንና ግእዙን ያቀላቅላል። ሁለቱ ግን በሁሉም ቦታ አንድ አይደሉም። ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት በሚናገረው ክፍል ቅብጡ 120፣ ግእዙ 150 ዓመት ይላል። እንዲህ ያለውን ብቻውን በስልክ ያነበበ ወጣት ሊሰናከል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ግእዙን ከሥዕሉ ላይ እናንብብ፤ ቀጥለን ከሌላ ቅጂ ጋር እናስተያይ፤ ያልገባንን ጽፈን ወደ የኔታ እንሂድ። ስልኩ ገጹን ያሳየናል፤ ምሥጢሩን የሚፈታልን ግን መምህር ነው።

መልእክቱ ስለ ዐሥሩ ደናግል ሲተረጉም ከተኙት ከአምስቱ መካከል አንዲቱን «ዕውቀት»፣ አንዲቱንም «መታዘዝ» ብሎ ይጠራቸዋል። እነዚህም አምነው ትእዛዙን ባልፈጸሙ ሰዎች ውስጥ የተኙ ናቸው። አባቶቻችን በብራና ጽፈው፣ በክፉ ቀን ሸሽገው ያቆዩልን መጽሐፍ ዛሬ በእጃችን መዳፍ ላይ ገብቷል። እኛ ሳናነበው ብንቀር ግን ዕውቀት በእኛም ውስጥ ተኝታለች ማለት ነው። እንግዲህ እንንቃ፤ ግእዝ መማር ያልጀመርን በዚህ ሳምንት እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።