አዲሱ የሥነ ሕይወት ጥበብና የጤፋችን ጉዳይ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በምሳ ሰዓት በመመገቢያ አዳራሽ የተነሣ ክርክር ነው። ከሳይንስ ክፍል የሆነው ጓደኛችን፣ በሕያዋን ነገሮች ዘር ውስጥ ገብቶ የሚያርመው አዲስ ጥበብ የገበሬውን ድካም ሊያቃልል እንደሚችል በሰፊው ሲያስረዳን፣ ከሕግ ክፍል የሆነችው ጓደኛችን «መልካም ነው፤ ግን የሚታረመው ዘር የማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። በፊታችን የቀረበው እንጀራ ነበርና ሁላችንም ዝም ብለን እንጀራውን ተመለከትን። ትሪው ባዶ እስኪሆን ድረስ መልስ የሰጠ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት የቻልነውን ያህል አነበብን፤ የደረስንበትንም እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በዚህ ጥበብ የተገኘ ምግብ ጤና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም ስለሚለው ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አናነሣውም። የእኛ ጥያቄ ስለ ባለቤትነትና ስለ ወሳኝነት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

አስቀድሞ ስለ ጥበቡ ጥቂት እንበል። በእያንዳንዱ ሕያው ሴል ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል እጅግ ረጅም ክር አለ። በክሩ ላይ አራት ዓይነት ኬሚካላዊ ፊደላት ተደርድረዋል፤ አንድ ተክል ረጅም ወይም አጭር፣ ነጭ ወይም ቀይ እንዲሆን ትእዛዝ የሚሰጠው የእነዚህ ፊደላት አሰላለፍ ነው። አንድ ትእዛዝ የያዘው የክሩ ክፍል ጂን ይባላል። ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ፊደሉን ሳያይ፣ ፍሬውን ብቻ እያየ ሲመርጥ ኖሯል። በ2012 ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንትዬ የተባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት፣ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን ከቫይረስ የሚከላከሉበትን ዘዴ ወስደው የተፈለገውን ፊደል ፈልጎ የሚቆርጥ መቀስ እንዲሆን አደረጉት። ዘዴው ክሪስፐር ይባላል፤ በ2020ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ቀድሞ የነበረው ጥበብ በአብዛኛው ከሌላ ፍጡር ጂን ወስዶ የሚያስገባ ነበር፤ በ2018 በአገራችን እንዲዘራ የተፈቀደው ጥጥ፣ ትልን የሚገድል ጂን ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደለት ነው። አዲሱ መቀስ ግን ባዕድ ነገር ሳይጨምር የራሱን የተክሉን ጽሑፍ ሊያርም ይችላል።

ወደ ጤፍ እንምጣ። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው። መሬቱ ሲለማና ራሱ ሲከብድ፣ ዝናብና ነፋስ ሲመታው ይጋሸባል፤ የተጋሸበ ጤፍ ፍሬው ይበላሻል፣ ለማጨድም ያስቸግራል። በስንዴና በሩዝ ላይ ይኸው ችግር በ1960ዎቹ የተቃለለው አጫጭር ዝርያዎች በመገኘታቸው ነው። ጤፍን ማሳጠር ግን ከባድ ነበር። ጤፍ ከሁለት የጥንት ወላጆች የወረሰውን ድርብ የዘር ጽሑፍ ስለሚይዝ፣ አንዱ ጂን ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። የሆነ ሆኖ በስዊስ አገር በበርን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ባካሄዱት ሥራ፣ ያለ ክሪስፐር፣ በተራ ማዳቀልና በምርጫ፣ «ተስፋ» የተባለ ዝርያ ተገኝቶ በ2017 ለገበሬ ተለቋል። የጤፍ የዘር ጽሑፍ ረቂቅም በ2014 ተነብቦ ታትሟል። መቀሱ ከዚህ በኋላ የሚገባበትን ቦታ ያውቃል ማለት ነው። ጓደኛችን የተደሰተው በዚህ ነው፤ ደስታውንም አንነቅፍበትም።

አሁን የጓደኛችንን ጥያቄ እናንሣ። በ2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ኤች.ፒ.ኤፍ.አይ. ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ለ10 ዓመት የሚጸና ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዘር እንዲያገኝ፣ በአውሮፓ ጤፍ ዘርቶ ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ምግብ እንዲያዘጋጅ፣ ከትርፉም ለኢትዮጵያ እንዲያካፍል ተወሰነ። በጤፍ ዘር ላይ የባለቤትነት መብት እንደማይጠይቅም ተጻፈ። በ1992 በሪዮ በተፈረመው የብዝሀ ሕይወት ውል መሠረት የባለጸጋና የድሀ አገር ፍትሐዊ ሽርክና ይኸውላችሁ ተብሎ በዓለም መድረክ ተመሰገነ።

ነገር ግን ኩባንያው ከፊርማው በፊት፣ በ2003፣ በአገሩ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ፓተንቱ በ2007 በአውሮፓ የፓተንት ቢሮ ጸደቀለት። ፓተንቱ ስለ ምን ነበር? እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ ዘሩ አልነበረም። ስለ ጤፍ ዱቄትና ከዱቄቱ ስለሚዘጋጀው ምግብ ነበር። እህሉ ከታጨደ በኋላ ከርሞ ሲፈጭ፣ በላቦራቶሪ መለኪያ ከተወሰነ ቁጥር በላይ የሚያስመዘግበው ዱቄት የእኔ ፈጠራ ነው የሚል ነው። መለኪያው በእህል ፋብሪካዎች የታወቀ ሲሆን፣ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ምን ያህል እንዳልፈራረሰ ያሳያል። ጤፍ አጭዶ፣ ከምሮ፣ አቆይቶ መውቃትን የኢትዮጵያ ገበሬ ከማን እንደ ተማረው የጠየቀ የለም። እናቶቻችንም ቁጥሩን አያውቁት ይሆናል፤ ዱቄቱን ግን ያውቁታል።

ኩባንያው በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ግን ከዚያ በፊት የዚያው ኩባንያ ሰዎች ወዳቋቋሙት ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ነበርና አልከሰረም። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ስምምነት በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ነው። ቁጥሩን ስናነብ ዜሮ የጎደለ መስሎን ደግመን አየነው። ስምምነቱ የተፈረመው ከከሰረው ኩባንያ ጋር ስለ ነበረ፣ አዲሱን ባለ ፓተንት የሚይዘው ቃል አልተገኘም።

ፓተንቱ በኔዘርላንድ የወደቀው በ2018 ነው። የወደቀውም ኢትዮጵያ ተከራክራ አይደለም። ባለ ፓተንቱ ኩባንያ ጤፍ ጋግሮ በሚሸጥ ሌላ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረተ፤ ተከሳሹም በበኩሉ ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ ተሟገተ፤ የሄግ ፍርድ ቤትም በዱቄቱ ላይ አዲስ ፈጠራ የሚባል ነገር እንደሌለ ፈረደ። የእኛ ጤፍ ነጻ የወጣው ሁለት ነጋዴዎች ስለ ተጣሉ ነው። በእኛም በኩል ያለውን ጥፋት ሳንሸፋፍን እንናገር። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006፣ ማለት ስምምነቱ ከተፈረመ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በእንዶድ ላይም ደርሷል። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈው ነበርና፣ የድሀ አገር መድኃኒት በወንዝ ዳር ተገኘ። ሆኖም በአገር ቤት የተደረገው ምርመራ በውጭ ላቦራቶሪ ካልተደገመ አይታመንም እየተባለ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአሜሪካ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክተር አክሊሉም በተሳተፉበት ምርምር፣ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን አንድ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀና ዩኒቨርሲቲው በአጠቃቀሙ ላይ ፓተንት አገኘ። በዓድዋ ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም።

እነዚህን ታሪኮች ያነሣነው ስላለፈው ለማልቀስ አይደለም። በጤፉ ጉዳይ ውሉ ዘሩን ሲጠብቅ፣ ዋጋ ያለው ነገር ወደ ዱቄቱ ዞሮ አመለጠ። አሁን ደግሞ ወደ ፊደሉ እየዞረ ነው። ቀድሞ የአንድን አገር ሀብት ለመውሰድ ከረጢት ያስፈልግ ነበር፤ ከረጢቱም በአውሮፕላን ጣቢያ ሊያዝ ይችል ነበር። ዛሬ የተክሉ ፊደል ከተነበበ በኋላ በኮምፒዩተር ይላካል፤ የሚፈለገው ጂን በሌላ አገር ላቦራቶሪ እንደ ገና ይሠራል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ድንበር ማለፍ አያስፈልጋትም። የ1992ቱ ውልም ሆነ በ2010 በናጎያ የተጨመረው ፕሮቶኮል የተጻፉት በዋናነት ስለሚጨበጥ ዘር ነበር። መንግሥታት ይህን ክፍተት አይተው በ2022 በሞንትሪያል ከፊደሉ የሚገኘው ጥቅም መከፋፈል እንዳለበት ተስማሙ፤ በ2024 ደግሞ በኮሎምቢያ በካሊ ከተማ ገንዘቡ የሚገባበትን ፈንድ ወሰኑ። በፊደሉ የሚጠቀሙ ትላልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲከፍሉ ይጠበቃል። ይጠበቃል እንጂ አይገደዱም።

እዚህ ላይ የሳይንስ ክፍሉ ጓደኛችን ተቃወመን። የተነበበ ፊደል ለሁሉ ክፍት ባይሆን ኖሮ፣ የእኛ ተማሪዎች ራሳቸው የጤፍን ጽሑፍ ከየት ያገኙት ነበር? ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው። በሩን መዝጋት መጀመሪያ የሚጎዳው ገንዘብ የሌለውን ተመራማሪ ነው። ስለዚህ እኛ ፊደሉ ይደበቅ አንልም፤ ያነበበ ሁሉ ያንብብ፣ ከንባቡ ነግዶ ያተረፈ ግን በግድ ይክፈል ነው የምንለው። በዚህ ሁለቱም ጓደኞቻችን ተስማሙ፤ እንዴት እንደሚፈጸም ግን እስከ እኩለ ሌሊት አልተስማሙም።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ በእኛ አስተያየት ከፓተንቱም የማያንስ ነው። ለመሆኑ የጤፍ ርዝመት ስሕተት ነው ያለው ማን ነው? ለላቦራቶሪው ሰው ረጅሙ አገዳ የሚጋሸብ ትርፍ ነገር ነው። ለገበሬው ግን አገዳው ጭድ ነው። በበጋ በሬው የሚበላው እርሱን ነው፤ ቤት ሲሠራም ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው የሚመረገው በእርሱ ነው። ጤፉ አጥሮ እህሉ ቢጨምርና ጭዱ ቢቀንስ፣ ባለ ብዙ መሬቱ እህሉን ሸጦ መኖ ይገዛል፤ ሁለት ጥማድ መሬትና አንድ በሬ ያለው ግን ምን ያደርጋል? ምናልባት ልውውጡ ይጠቅመው ይሆናል፤ ምናልባትም እንደ ስንዴው ጥቂት ብቻ ማሳጠር ይበቃ ይሆናል። ይህ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ ባለ በሬው ካልተጠየቀ አይታወቅም።

ሁለቱ ጓደኞቻችን በሚመጣው ዕረፍት የጤፍ ምርምር ወደሚካሄድበት ወደ ደብረ ዘይት አብረው ለመሄድ ቀጠሮ ይዘዋል። እርሱ ስለ ጂኑ ይጠይቃል። እርሷ ደግሞ ዝርያ ሲመረጥ በሚዛን ላይ የሚወጣው እህሉ ብቻ እንደ ሆነ ወይስ ጭዱም እንደሚመዘን፣ የሚመዘነውን ነገር ሲወስኑም ከገበሬዎቹ እነማን እንደ ተጠየቁ ትጠይቃለች።