ለአያ ጅቦ ማመካኛ ስጡት

ድርሰት የሚጽፍ ሰው፣ ለሬዲዮም ይሁን ለቴሌቪዥን፣ ለመድረክም ይሁን ለመጽሐፍ፣ ክፉ ሰው መፍጠሩ አይቀርለትም። ችግሩ አብዛኛው ክፉ ሰው ገና ከበር ሲገባ መታወቁ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ጠረጴዛው ላይ ውስኪ አለ፤ ስልክ አንሥቶ «ጨርሱት!» ይላል፤ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ይስቃል። ተመልካቹ በእርግጥ ይጠላዋል። ተከታታዩ ባለቀ በወሩ ግን ስሙን እንኳ አያስታውሰውም። በአንጻሩ «ሰው ለሰው» ካለቀ ስንት ዓመቱ ነው፤ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ዛሬም በስሙ የሚያነሣው ሰው አይጠፋም።

ልዩነቱ የክፋት መጠን አይደለም። ሃያ ሰው ያስገደለ ገጸ ባሕርይ ይረሳል፣ አንዲት እኅቱን የካደ ግን ዓመታት ሲወራለት ይኖራል። ምስጢሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ተረተኞቻችን ድሮ ጨርሰውታል። ጅብ ከወንዙ በላይ ሆኖ ይጠጣል፤ አህያ ከታች። ጅቡ «ውኃዬን አደፈረስሽብኝ» ይላል። ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። አህያዋም «አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ» አለች። ልብ በሉ፣ «አትብላኝ» አላለችም። መበላቱ እንደማይቀርላት ገብቷታል፤ ያልቻለችው ማመካኛውን መስማት ነው። ጅብ አህያ መብላቱ ምን ወሬ አለው? ያለ ውኃው ክርክር ይህ ተረት እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር።

እንግዲህ ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። እኩይ ገጸ ባሕርይ ስትፈጥሩ ከሚሠራው ግፍ አትጀምሩ፤ ለግፉ ከሚሰጠው ማመካኛ ጀምሩ። ማመካኛውንም ለሌላው ከመስጠቱ በፊት ለራሱ የሰጠው ይሁን።

የማመካኛ ሊቅ ማየት የሚፈልግ የሼክስፒርን ኢያጎ ይመልከት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ ስለመለሰው ከእንግሊዝኛው ጋር መታገል ግድ አይደለም። ኢያጎ የምክትልነቱን ሹመት ሲጠብቅ ኦቴሎ ለካሲዮ ሰጠበት፤ ይህ አንደኛው ማመካኛው ነው። ቆየት ብሎ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ሳይሆን አልቀረም ይላል፤ እውነት ይሁን አይሁን እንደማያውቅ፣ ግን እንደ እውነት አድርጎ እንደሚይዘው በራሱ አፍ ይናገራል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ካሲዮንም በዚያችው ሚስቱ ይጠረጥራል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ ይህን ካየ ሁለት መቶ ዓመት አለፈው፤ ሰውየው ምክንያት ኖሮት ሳይሆን ለክፋቱ ምክንያት እያደነ ነው ብሎ ጽፏል። መጀመሪያ ረሃቡ፣ ቀጥሎ ውኃው።

ሦስተኛው ገቢር ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ረጋ ብላችሁ ቆዩ። ካሲዮ በስካር ተጣልቶ ከሹመቱ ተነሥቷል፤ ያሰከረው ኢያጎ ነው። ሄደህ የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን ለምን፣ ባሏ እሷን ይሰማል ብሎ የመከረውም ኢያጎ ነው። ምክሩ ደግሞ ጥሩ ምክር ነው! ብቻውን ሲቀር ኢያጎ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ ይህን የመሰለ ቅን ምክር የሰጠን ሰው ማን ክፉ ይለዋል ብሎ ይሟገታል። ካሲዮ እንደተመከረው ዴዝዴሞናን እየለመነ ሳለ ኦቴሎና ኢያጎ ብቅ ይላሉ። ካሲዮ አለቃውን ማየት አፍሮ ቶሎ ይወጣል። ኢያጎም ለራሱ እንደሚያጉተመትም ሰው፣ ያየው ነገር ደስ እንዳላለው የምታሳብቅ አንዲት ሐረግ ጣል ያደርጋል። ኦቴሎ ምን አልክ ቢለው፣ ምንም። የወጣው ካሲዮ አልነበረም እንዴ ቢለው፣ እሱማ እንደ ጥፋተኛ ተሸማቅቆ አይወጣም ይላል። በቃ። ክስ የለም፤ ስም ማጥፋት የለም። ከዚያ ወዲያ ኦቴሎ በጠየቀ ቁጥር ጥያቄውን በጥያቄ እየመለሰ፣ የኦቴሎን ቃል ለኦቴሎ መልሶ እየደገመለት፣ ሰውየው በገዛ እጁ ቆፍሮ እንዲያወጣው ያደርጋል። ከቅናት ተጠንቀቅ ብሎ የሚመክረውም ራሱ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ያስቀምጣል፦ ዴዝዴሞና አንተን ስታገባ አባቷን አታልላለች። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ኦቴሎም ተመልካቹም ያውቁታል። ወድቆ የተገኘው የዴዝዴሞና መሐረብ ካሲዮ ቤት የሚጣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔ ኦቴሎ ከልቡ ፈርዶ ጨርሷል፣ የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምትቀዱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክፉ ሰው ውሸቱን የሚሠራው ከእውነት ቁርጥራጭ ነው። በእኛ ድራማዎች ውስጥ ክፉው ከላይ እስከ ታች ይዋሻል፤ ስለዚህ ያመነው ሰው ሁሉ ሞኝ ይመስላል፣ ሞኝ ሲታለል ደግሞ ማንም አያዝንም። ሁለተኛ፣ ክፉው አይግፋ፤ ተበዳዩ ይሳብ። «ልንገርህ» ከሚል ይልቅ «ተወው፣ ባታውቀው ይሻላል» የሚል ሰው እንደሚያስፈራ በየመሥሪያ ቤታችን ያየነው ነው።

ሌላው ዓይነት ማመካኛ በዕድል ማሳበብ ነው። ኮርማክ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመውን «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» የተባለ ልቦለድ የኮኸን ወንድማማቾች በ2007 ፊልም አደረጉት። ሃቪየር ባርዴም የተጫወተው ገዳይ አንቶን ሺጉር ይባላል። አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቶ ከሽማግሌው ባለቤት ጋር ስለ ተራ ነገር፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ፣ ቤቱን ከማን እንዳገኙት ሲነጋገር እናያለን። የጨረሰውን መክሰስ መጠቅለያ ጨምድዶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ መጠቅለያው ቀስ እያለ ሲፍታታ ካሜራው ዝም ብሎ ያየዋል። ሽጉጥ አልወጣም፤ ድምፅ አልጨመረም። ከዚያ ሳንቲም ወርውሮ ምረጡ ይላል። ሽማግሌው በምን እንደሚወራረዱ እንኳ አልገባቸውም። የሚፈርደው ሳንቲሙ ነው፤ እኔ የለሁበትም፤ ይህ ነው የሺጉር ማመካኛ።

መጨረሻ ላይ ካርላ ጂን የምትባል መበለት ፊት ያንኑ ሳንቲም ያወጣል። በመጽሐፉ ትመርጣለች፣ ትሸነፋለች። በፊልሙ ግን አልመርጥም አለች፤ ሳንቲሙ ምንም ሥልጣን የለውም፣ የምትወስነው አንተ ነህ አለችው። የቴክሳስ ሴት የኛን አህያ ቃል ተናገረች ማለት ነው። በእኔ ፍርድ ፊልሙ ከመጽሐፉ የበለጠበት ቦታ ይህ ነው፤ ማመካኛውን ከእጁ ስትቀማው ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይታያል። ክፉ ሰው ከፈጠራችሁ በኋላ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ማመካኛውን ፊት ለፊት ይንጠቀው። ለጀግናው ከጥይት የበለጠ ድል የሚሰጠው ይህ ትዕይንት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ፊታውራሪ መሸሻን እናገኛለን። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታትሞ፣ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ ያልደረሰበት ቤት የለም። ፊታውራሪ ሌሊት የሚያሴሩ፣ መርዝ የሚበጠብጡ ሰው አይደሉም። ማመካኛቸው ዘራቸውና የአባት የቀደመው ደንብ ነው። ገበሬው ከወትሮው በላይ አምጣ ሲባል እምቢ ቢል፣ ለእሳቸው ይህ የጠገበ ባላገር አመፅ ነውና ይዘምቱበታል፤ በአበጀ በለው እጅ ተማርከው ያርፉታል። ሐዲስ ዓለማየሁ እያሳቁ የሚያስጠሉን ሰው ነው የፈጠሩት። ለሙያችን የሚጠቅመው ደግሞ ሌላው ነው፤ ገበሬውን ያስጨነቀው ያው የዘር ኩራት የገዛ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ባል አሳጥቶ ቤት አስቀርቷታል። ማመካኛው ባለቤቱንም የሚበላ ከሆነ ገጸ ባሕርዩ ከወረቀት ይነሣል።

ደንብና ሕግ ማመካኛ ሲሆኑ የበለጠ ያስፈራሉ። በ«ምንዱባን» ያለው ፖሊስ ዣቬር ጉቦ አይበላም፣ አይሰክርም፣ አይዋሽም። «ሃሪ ፖተር»ን ያነበበ ደግሞ ከዋናው ጠንቋይ ይልቅ ሮዝ ለብሳ፣ የድመት ግልገል ሥዕል ያለበት ሳሕን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ በየቀኑ አዲስ መመሪያ የምታወጣውን አምብሪጅን ይጠላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠንቋይ ያየ የለም፣ እንዲህ ያለች ኃላፊ ግን የማናውቅ የለንም።

ነገሩን በእጅ ሥራ ላይ ላሳያችሁ። ታሪኩ የተለመደ ነው እንበል። እኅት ቤሩት ሠርታ ለዓመታት ገንዘብ ልካለች፤ ታላቅ ወንድሟ በውክልና ቤት ገዝቶ በራሱ ስም አዙሮታል። የተለመደው አጻጻፍ ወንድምየውን ሶፋ ላይ አስደግፎ «ቤቱ የኔ ነው! የትም አትደርሺም!» ያሰኘዋል። እንዲህ ብንጽፈውስ?

«ወንድም ጋሼ፣ ካርታውን ክፍለ ከተማ አሳየሁት። በአንተ ስም ነው አሉኝ።»
«መጀመሪያ ቁጭ በይ። ምሳ በልተሻል?»
«ስለ ካርታው ነው የጠየቅሁህ።»
«እማዬ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ስትሆን ሌሊት ሌሊት የሚያገላብጣት ማን ነበር?»
«እኔ ገንዘብ እልክ ነበር።»
«ትልኪ ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ። ገንዘብ ግን ሰው አያገላብጥም፣ እኅቴ።»

ይህ ሰው አንድም ቃል አልዋሸም። እናቱን አስታሟል። ስለ ካርታው ግን አልመለሰም። ተከታታዩን ቤት ሆኖ የሚያይ አስታማሚ ወንድም፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆና የምታይ ገንዘብ ላኪ እኅት፣ ሁለቱም ለአፍታ ዝም ይላሉ። «ምሳ በልተሻል?» የሚለውን አትሰርዙት፤ ደግነቱ እውነተኛ ነው፣ የሚያስጠላውም ለዚህ ነው።

እኔ ድርሰት ሲሰጠኝ የምሞክርበት አንድ ዘዴ አለ፤ ክፉውን ሽማግሌ ፊት ማስቀመጥ። ጸሐፊውን «ሦስት አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሰውህ ጉዳዩን ያስረዳ፤ አንድ ገጽ ጻፍልኝ» እለዋለሁ። ይህ ገጽ ድራማው ውስጥ አይገባም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ «እሱም እኮ እውነት አለው» ብሎ ሊያመነታ የማይችል ከሆነ ገጸ ባሕርዩ ገና አልበሰለም። ብዙዎች ግን በዚህ ፈንታ የልጅነት ትዝታ ያመጡልኛል፤ አባቱ ይደበድበው ነበር፣ በረሃብ አድጓል፣ ወዘተ። ይህ ማመካኛ አይደለም፣ የደራሲው ይቅርታ ነው። ኢያጎ እንዴት እንዳደገ የሚያውቅ ማን አለ?

«አውሬስ? ሻርክ ምን ያመካኛል?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ጆስ» ተመልከቱ። ለፊልሙ የተሠራው ሜካኒካዊ ሻርክ በባሕር ውኃ እየተበላሸ ስላስቸገረ ስፒልበርግ ዓሣውን ብዙም ሳያሳይ በሙዚቃና በውኃ ወለል አስፈራራን። ይህ በሰፊው የሚወራ ነው። የማይወራው፣ ሻርኩ የሚበላው ያለ ማመካኛ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩ ሌላ ሰው አስፈለገው። እሱም መልሕቅ የታተመበት ኮት የሚለብሰው የከተማዋ ከንቲባ ነው። የበጋው ገበያ እንዳይቀር የባሕር ዳርቻው ክፍት ይሁን ይላል። የከተማው ሕዝብ የሚኖረው በዚያ ገበያ ነው፤ እውነት አለው። በኋላ ደንግጦ የሚናገረው ደግሞ የራሱም ልጆች እዚያው ዳርቻ ላይ እንደነበሩ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ ይመጣል። «ሕዝቡ እንዲረካ ክፉው ተንበርክኮ ይናዘዝ» ይላል። ከቻላችሁ ተከራከሩ። ኢያጎ ተይዞ ለምን ይህን እንዳደረገ ሲጠየቅ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል፤ ይኸው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሰዎች ይከራከሩበታል። ዝም ማሰኘት ካልተፈቀደላችሁ ቢያንስ ሐሳቡን አታስቀይሩት። ወንድም ጋሼ ፍርድ ቤት ይረታ፣ ቤቱንም ያስረክብ። ደረጃውን ሲወርድ ግን ለጠበቃው «እማዬን ያስታመምኳት እኔ ነኝ» ይበለው። እኅቱም ከኋላው ሆና ትስማው።